ፀሐይ ሳትሞቅ፦ ፌንጣና ጥንዚዛን በቅርብ ፎቶ ማንሳት

የነፍሳት ፎቶዎቼን የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሌንሱ ምንድን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። እኔ ግን ከሌንሱ በፊት ሰዓቱን ብነግራችሁ እመርጣለሁ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ በአጠቃላይ ደጋ ላይ ላላችሁ ሁሉ፣ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ዕቃ የሚበልጥ ነገር በነፃ ተሰጥቷችኋል። የጠዋቱ ብርድ ነው።

ፌንጣም ሆነ ጥንዚዛ ሰውነቱን የሚያሞቀው በአብዛኛው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። ሌሊቱን ብርድ ላይ ያደረ ፌንጣ ጡንቻው ቶሎ አይታዘዝለትም። ሊዘል ቢፈልግም በቅጡ አይሆንለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጡ ሣሩ በጤዛ ርሷል፤ አንዳንድ ቀን ውርጭ መትቶታል። ፌንጣው የሣር አገዳ አቅፎ፣ አንቴናው ላይ ጤዛ ተንጠልጥሎ፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። አፍንጫው ሥር ሌንስ ብትደቅኑ አይነቃነቅም። ያንኑ ፌንጣ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሱበት። ጥላችሁን ከሩቅ አይቶ ተስፈንጥሮ ይጠፋል።

ለኛ አገር ሌላም ጥሩ ነገር አለ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ላይ ሁልጊዜም ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። አውሮፓ ውስጥ ያለ አንሺ በበጋቸው ወራት ለዚሁ ሥራ ሌሊት መነሳት አለበት። እኛ ከሥራ በፊት ጨርሰን መግባት እንችላለን።

ስለዚህ የኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ብርሃኑ ገና ደብዘዝ እያለ ቦታው ላይ እደርሳለሁ። ያንን ጊዜ ለፍለጋ ነው የምጠቀምበት። ያገኘሁትን ሁሉ አላነሳም፤ የት የት እንዳለ በዓይኔ ምልክት አደርጋለሁ። ፀሐይ ሣሩን ስትነካው ማንሳት እጀምራለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጤዛው መድረቅ ሲጀምር፣ ነፍሳቱም ይሞቃቸዋል፣ ነፋሱም ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ቆላ ያላችሁ ደግሞ፣ አዋሽም ሆነ ድሬዳዋ፣ ጠዋቱ ያን ያህል አይበርድላችሁም። ለእናንተ የሚሻለው ማታ ነው። ቀን ላይ የሚሮጠው ሁሉ ከመሸ በኋላ ቅጠል ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የራስ ባትሪ አስሩ፣ ረጅም ቦት ጫማ አድርጉ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

ወቅቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ነሐሴ ላይ ክንፍ ያላወጡ ትንንሽ ፌንጣዎች ሣሩን ይሞሉታል። መስከረም የአበባ ወር ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ጥንዚዛውም፣ ንቡም፣ አበባ ውስጥ አድፍጦ የሚያድነው ሸረሪትም አንድ ላይ ይገኛሉ። ጥቅምትና ኅዳር የጎልማሳ ፌንጣ ጊዜ ነው፤ ክንፋቸው ሞልቷል፣ ይጣመራሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። ሣሩ ሲደርቅ ወደ ወንዝ ዳርና መስኖ ወዳለበት መውረድ ነው።

ቦታን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «ተፈጥሮ» ሲባል ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። እንጦጦን ከሩቅ አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነውና አይፈረድበትም። ግን ባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አይበቅልም፤ ሣር ከሌለ ደግሞ ሣር የሚበላው የለም። እዚያው እንጦጦ ላይ ከዛፉ ወጥታችሁ አገር በቀሉ ቁጥቋጦ ያለበትን ጠርዝ፣ የቦዩን ዳር፣ የተተወውን ሜዳ ፈልጉ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በዚህ በኩል ጥሩ ነው፤ ተክሉ የተለያየ ስለሆነ ነፍሳቱም የተለያዩ ናቸው። ጊዜ ያላችሁ መናገሻ ሱባ ሂዱ። ጫካውን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ችግኝ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። የወደቀ የጽድ ግንድ አጠገብ ጎንበስ ብላችሁ ቅርፊቱን ብትመለከቱ ሌላ ቦታ የማታዩዋቸውን ጥንዚዛዎች ታገኛላችሁ። ቅርፊቱን ግን አትገንጥሉ። ቤታቸው ነው።

ራቅ ማለት የማትችሉ ከግቢያችሁ ጀምሩ። ጎመን ላይ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ካለ፣ እሱን የሚበላው ቀይ ባለጥቁር ነጥብ ጥንዚዛ አይጠፋም። የሎሚ ዛፍ ካላችሁ ቅጠሉን አገላብጡ። ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ የሚመስል፣ ሲያድግ አረንጓዴ የሚሆን አባጨጓሬ አለ። የሎሚ ቢራቢሮ ልጅ ነው።

መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሣር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ካያችሁ ምንም አታዩም። ተንበርከኩና ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙሩ። ብርሃኑ ቅጠሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ነፍሳት ጥላ ሆኖ ይታያል። የተበላ የቅጠል ጠርዝ ካያችሁ፣ ጠርዙ ገና አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ፣ በላተኛው እዚያው አካባቢ ነው። ከታች ባለው ቅጠል ላይ ጥቁር ፍግ ካለም እንዲሁ ቀና ብላችሁ ፈልጉ።

ይህን ያህል ካወቅሁ በኋላም ያላሰብኩትን ነገር ያስተማሩኝ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያገኘኋቸው አንድ ገበሬ ናቸው። መንገድ ዳር ያለ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። በሬዎቻቸውን እየነዱ መጥተው ቆሙ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ? ቀለበት ነው?»

«እንዴት አደሩ አባባ። ምንም አልጠፋኝም። ፌንጣ ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ፌንጣ?»

ስክሪኑን አሳየኋቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ዓይኑ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ዓይኑ መስመር እንዳለው አላየሁም።» ትንሽ ዝም አሉ። «እዚህ እኮ ጥላ ነው፤ ምን ይሠራል እዚህ? ወደዚያ ካብ ሂጂ። ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሱን ነው። ብርድ የመታው ሁሉ እዚያ ነው የሚወጣ።»

ሄድኩ። የድንጋዩ ካብ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ገና ሜዳውን ሳትነካ ካቡን ነክታዋለች። ድንጋዩ ላይ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያለባቸው ፌንጣዎች ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ ካብ፣ የቤት ግድግዳ ወይም የቦይ ግንብ ነው። ከገጠር ሰው ጋር ሰላምታ ሳትለዋወጡ፣ ምን እንደምታደርጉም ሳትናገሩ ማንም ማሳ ውስጥ አትግቡ። ሥነ ሥርዓቱም ይኸው ነው፣ የምታገኙት ትምህርትም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከተማ ውስጥ ደግሞ አንዳንድ ቦታ በር ላይ ካሜራ ሲያዩ ይከለክላሉ። ስልካችሁ ላይ የጥንዚዛ ፎቶ ይዛችሁ አሳዩ። ሕንፃ ወይም ሰው እንደማታነሱ ሲያዩ ብዙዎቹ ይለሳለሳሉ።

አሁን ወደ ፌንጣው እንቅረብ። ከላይ ወደ ታች አትሂዱበት፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለሱ ወፍ ነው። ከጎን፣ በሱ ቁመት፣ በክርናችሁ እየተሳባችሁ ሂዱ። ጉልበታችሁ ሥር ማዳበሪያ አንጥፉ፤ ጤዛው አጥንት ድረስ ይገባል። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ፀሐይዋ የት እንዳለች ልብ በሉ። ትንፋሻችሁንም ወደ ጎን አድርጉ፤ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ሲነካው ይነቃል።

ፌንጣ አገዳ ላይ ሆኖ ካያችሁ ቶሎ አይዘልም። መጀመሪያ ዞር ብሎ ከአገዳው ጀርባ ይደበቃል። እናንተ ስትዞሩ እሱም ይዞራል። አትከተሉት። ካሜራችሁን ባለበት ያዙና ግራ እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ በወዲያኛው በኩል አምጡ። ከእጁ ሲሸሽ ወደ ሌንሱ ይመጣል። እኔ በጣም የምወዳቸውን ፎቶዎች ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የኋላ እግሩን ተመልከቱ። ፌንጣ ከመዝለሉ በፊት ቅልጥሙን ወደ ጭኑ አጥብቆ ያጥፈዋል። ጉልበቱ ላይ በቅርብ ሲታይ የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ጠንካራ ነገር አለ። ጡንቻው ቀስ እያለ ሲጎትተው ኃይሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ እንደተወጠረ ወንጭፍ። ከዚያ በአንዴ ይለቀቃል። ስለዚህ እግሩ ታጥፎ ከተጣበቀ ባላችሁበት ርጉ። አትተንፍሱ፣ አትቅረቡ። ስጋቱ ካለፈለት እግሩን መልሶ ያላላል። እግሩ ከላላ በኋላ አንድ ጣት ያህል መቅረብ ይቻላል። ፊቱን ማጽዳት ከጀመረማ በቃ፣ ረስቷችኋል። የፊት እግሩን አንስቶ አንቴናውን ከሥሩ ይረግጥና ጭንቅላቱን እያነሳ ከሥር እስከ ጫፍ ይስበዋል። ከዚያ ደግሞ ሌላውን። ይህን ማየት ብቻውን ከአልጋ ያስነሳል።

ፊቱን ስትሞሉት የምታገኙትን ልንገራችሁ። ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች በብዙ ትንንሽ ዓይኖች የተሠሩ ናቸው። በነሱ መካከል፣ ግንባሩ ላይ፣ ሦስት ነጠብጣቦች አሉ። እነሱም ዓይን ናቸው፤ ብርሃን መለየት ይችላሉ። ከሆዱ ጎን በየክፍሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በቪዲዮ ብትቀርጹት ሆዱ ሲነፋና ሲኮማተር ይታያል። ጆሮውን ጭንቅላቱ ላይ አትፈልጉ። ክንፉ ሥር፣ የሆዱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ነው። አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝም፣ እንደ ቅጠል አረንጓዴ የሆነውና ማታ የሚጮኸው ሌላኛው ዘመዱ ግን ጆሮው የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ ስታዩ ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ ትታያለች። እሷን ፎከስ ውስጥ ካስገባችሁ በራሳችሁ ልትኮሩ ይገባል።

እንግዲህ ሌንሱ። ስልክ ብቻ ያላችሁ በስልኩ ጀምሩ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የማክሮ፣ ማለትም የቅርብ ፎቶ፣ ሁነታ አላቸው፤ ከሌለውም ካሜራው ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ሌንስ ይገዛለታል። ችግሩ በጣም መቅረብ ስላለባችሁ ነፍሳቱ ይሸሻል፣ ጥላችሁም ያርፍበታል። ለዚህም ነው የጠዋቱ ብርድ ለስልክ አንሺ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው።

ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ማክሮ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ርካሽ መንገዶች አሉ። አንዱ ኤክስቴንሽን ቱብ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለበት ሲሆን በካሜራውና በሌንሱ መካከል ይገባል። ሁለተኛው ያላችሁን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገልብጦ የሚያስገጥም ቀለበት ነው። ሦስተኛው ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም ማጉያ ነው። ሬይኖክስ 250 የሚባለው በብዙ አንሺዎች እጅ ያለ ነው፤ አቅሙ 8 ዳዮፕተር (የማጉያ ኃይል መለኪያ ነው) ስለሆነ ከነፍሳቱ የምትርቁት 12 ሴንቲሜትር ያህል ነው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ስትፈልጉ ትገጥሙታላችሁ፣ ሳትፈልጉ ታወልቁታላችሁ፣ ሌንስ መቀያየር ስለማያስፈልግም ካሜራው ውስጥ አቧራ አይገባም። በኛ አገር የበጋ አቧራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽና ቀላል ስለሆነም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አምጣልኝ ቢባል አይከብደውም። ገንዘቡ ያላችሁ እውነተኛ ማክሮ ሌንስ ግዙ፤ ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር ያለው ለነፍሳት በቂ ርቀት ይሰጣል።

ማክሮ ሌንስ ላይ አንድ ለአንድ የሚባለው ነገር 10 ሚሊሜትር የሆነ ጥንዚዛ በካሜራው ሴንሰር (ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) ላይም 10 ሚሊሜትር ሆኖ ሲያርፍ ነው። በዚህ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት እጅግ ትንሽ ነው። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ በኤፍ 8 አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠብባል። ዓይኑ ጠርቶ አንቴናው ይደበዝዛል። ታዲያ ሰው «አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ጠበብ ላድርገው» ይልና ኤፍ 22 ላይ ያደርሰዋል። ያኔ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለዝባል። ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ቆዩ። ይልቅ አቅጣጫችሁን አስተካክሉ። የጥንዚዛውን ጎን ከፈለጋችሁ የሰውነቱ ርዝመትና የካሜራው ጀርባ ትይዩ ይሁኑ። አንዲቷ ሚሊሜትር ከራስ እስከ እግር ትደርሳለች። ከፊት የምታነሱ ከሆነ ዓይኑ ይጥራ፤ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለም።

ፎከሱን በእጅ አድርጉት። የምትፈልጉትን መጠን ሌንሱ ላይ ወስኑና አትንኩት፤ ከዚያ መላ ሰውነታችሁን በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዛችሁ ዓይኑ ሲጠራ ተኩሱ። ነፍሳቱ አገዳ ላይ ከሆነ ግራ እጃችሁ አገዳውን ከታች ይያዝ፤ ሌንሱን ደግሞ በዚያው እጅ ላይ አሳርፉት። ነፋስ ቢመጣ ነፍሳቱም ካሜራውም አብረው ይወዛወዛሉ፣ ፎከሱም አይጠፋም። ትራይፖድ ሣር ውስጥ ስትተክሉ አካባቢው ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አልይዝም። በጠዋት ደንዝዞ የተቀመጠ ነፍሳት ካገኛችሁ ፎከሱን በጥቂቱ እያሻገራችሁ ደጋግማችሁ አንሱና ቤት ስትገቡ እንደ ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዜሪን ስታከር ባለ ፕሮግራም አዋህዷቸው፤ የየፎቶው የጠራ ክፍል አንድ ላይ ይሰበሰባል። ለጀማሪ አይቸኩልም።

ብርሃን ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ፤ በተለይ ለጥንዚዛ። ጥንዚዛ ሁለቱ የፊት ክንፎቹ ጠንክረው ሽፋን ሆነውለታል፤ የሚበርባቸው ስሶቹ ክንፎች ከሥር ታጥፈው ነው ያሉት። ያ ሽፋን ያብለጨልጫል። ፍላሹን እንዲሁ ከለቀቃችሁበት ጀርባው ላይ ነጭ እሳት ይመጣል፤ ቀለሙ፣ ነጥቡ፣ መስመሩ ይጠፋል። መፍትሔው የብርሃኑን ምንጭ ማስፋትና ማቅረብ ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ የሚጠቀለልበትን ስስ ነጭ ፎም ውሰዱ። በካርቶን ላይ ጣሪያ አድርጋችሁ ወጥሩትና ከፍላሹ እስከ ሌንሱ ጫፍ ድረስ ዘርጉት። ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል። አንድ ድራርብ ካልበቃ ሌላ ጨምሩ። ፍላሹ በዝቅተኛ ኃይል፣ ለምሳሌ አንድ አሥራ ስድስተኛ ላይ ሲሠራ ብልጭታው በጣም አጭር ስለሆነ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ያስቆመዋል። ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 እስከ 400 አድርጋችሁ ጀምሩ። ጀርባው ጥቁር እየሆነ ካስቸገራችሁ ከነፍሳቱ ኋላ ቅርብ የሆነ ቅጠል ወይም አበባ የሚገባበትን አቅጣጫ ምረጡ። አደይ አበባ ከጀርባው ያለ ጥቁር ጥንዚዛ ምንም ማሳመሪያ አይፈልግም።

ጥንዚዛን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሰረዝ ያለባቸው፣ ለስላሳ፣ ዘገምተኛ፣ አበባ ላይ ተሰብስበው የሚበሉ ጥንዚዛዎች አሉ። የማይሸሹት ስለማይፈሩ ነው። ሲነኩ ካንታሪዲን የሚባል መርዝ ከመገጣጠሚያቸው ያወጣሉ፤ ቆዳ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ለፎቶ ምቹ ናቸው፣ በእጅ ግን አይነኩም። ሌላው ጉንዳን የምታህል፣ ቀጠን ያለች፣ ብርቱካናማና ጥቁር እያፈራረቀች የተቀባች ትንሽ ጥንዚዛ ናት። አንገታችሁ ላይ ብታርፍ አትጨፍልቋት፤ እፍ ብላችሁ አባሯት። ከተጨፈለቀች ፈሳሿ ቆዳን ያቃጥላል። ከነካችሁ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያው እጅ ዓይናችሁን አትንኩ። እርጥበት ያለው ጫካ ውስጥ ከመንበርከካችሁ በፊት ደግሞ መሬቱን እዩ። ጉንዳን መስመር ላይ የተንበረከከ ሰው ምክር አያስፈልገውም። ቤት ስትገቡም መዥገር ካለ ልብሳችሁን ፈትሹ።

እዚህ ላይ ግልጽ አቋም አለኝ። ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ አደንዝዞ ማንሳት፣ በሙጫ ማጣበቅ፣ ገድሎ እንደ ሕያው አድርጎ ማስቀመጥ የሚደረግ ነገር ነው። ልምድ ያለው ዓይን ያውቀዋል፤ እግሩ በትክክል አይቆምም፣ አንቴናው ይወድቃል። እኔ አላደርገውም፣ እንድታደርጉትም አልፈልግም። የደጋ ጠዋት ያንን ሁሉ ያለ ግፍ ይሰጣችኋል። ደንዝዞ ያገኛችሁትንም ከቦታው አታንሱት፤ ሳይሞቅ መሬት ላይ ከወደቀ ለወፍ ወይም ለጉንዳን ይቀራል።

ሰው «ፌንጣ አንስተሽ ምን ይጠቅማል?» ይላል። መልስ አለኝ። አንበጣ የፌንጣ ወገን ነው። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ከሌላው ፌንጣ ብዙም የማይለይ ነፍሳት ነው። ሲበዛና ሲተፋፈግ ግን ጠባዩም ቀለሙም ይለወጣል። የመንጋው ወጣት ሮዝ ነው፤ ሲጎለምስ ቢጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው መንጋ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እንደሚበላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ድርጅቱ ከአጋሮቹ ጋር ማንም ሰው በስልኩ የአንበጣ ፎቶ ከነቦታው የሚልክበት መተግበሪያ አውጥቶ ነበር። ያ መረጃ የሚረባው ፎቶው ሲጠራ ነው። ኩብኩባ ይሁን ክንፍ ያወጣ፣ ሮዝ ይሁን ቢጫ፣ ከፎቶው መታወቅ አለበት። ከላይ ሆኖ በስልክ የተነሳ ቡናማ ነጥብ ለማንም አይረዳም። ሣር ውስጥ ተንበርክኮ ማንሳት የለመደ ሰው ያነሳው ግን ይረዳል።

አንበጣ ባይኖርም የሚሠራ ሥራ አለ። አይናቹራሊስት የሚባል መድረክ ላይ ፎቶ ስትጭኑ ነፍሳቱን የሚያውቁ ሰዎች ከዓለም ዙሪያ ስሙን ይነግሯችኋል። ከኛ አገር የሚጫነው ፎቶ ካለን ሀብት አንጻር ትንሽ ነው። ስሙ እንዲወጣለት ግን አንድ ቆንጆ የፊት ፎቶ አይበቃም። ለፌንጣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊት አንሱ። ከአንገቱ ኋላ ያለው ጋሻ መሰል ክፍል ጠርቶ ይታይ። የኋላ ጭኑ በውስጥ በኩል ምን ቀለም እንዳለው ከታየ እሰየው፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ሲበር የታችኛው ክንፉን ቀለም ካያችሁም ጻፉት፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለጥንዚዛ አንቴናውና እግሩ ይታይ፤ ጀርባው ብቻውን አይበቃም። መጠኑን ለማወቅ አጠገቡ ያለውን ቅጠል ወይም አበባ አብራችሁ አስገቡ።

ከሁሉም በላይ ምን ላይ እንደነበረ መዝግቡ። ብዙ ቅጠል በል ነፍሳት የሚበሉት ተክል የተወሰነ ነው፤ ተክሉ ከታወቀ ፍለጋው ይጠባል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ተክሉን እጽፋለሁ። ግራዋ፣ እንዶድ፣ ቀጋ፣ ሰርዶ። የተክሉን ስም ሳላውቅ ስቀር ቅጠሉንና አበባውን ለብቻ አነሳና አካባቢው ላይ ያለ ሰው እጠይቃለሁ። እረኛ ልጆች በዚህ አይታሙም። ተክሉን በስሙ ነግረውኝ፣ እዚያ ላይ የሚውለውን ጥንዚዛ የትኛው ቅጠል ሥር እንደሚያድር ጭምር ያሳዩኛል።